«አልገባኝም» ማለትን ማን ያስተምረው?

ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደብተር፣ እርሳስና የደንብ ልብስ ይገዛለታል። ፊቱ ታጥቦ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ምሳው ተቋጥሮ፣ «በርታ፣ አትረብሽ፣ መምህርህን ስማ» ተብሎ ይሸኛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ አንድ ትልቅ ስንቅ ሳይያዝለት ይቀራል። ይኸውም በክፍልና በጨዋታ ሜዳ ከሰው ጋር የሚግባባበት፣ የሚጠይቅበት፣ እንቢ የሚልበትና ይቅርታ የሚለምንበት ዘዴ ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔ ግን መምህር እንደ መሆኔ መጠን ከዚህ ጉድለት የሚመጣውን ጉዳት በየዕለቱ አየዋለሁ። ሒሳቡ ሳይገባው ቀርቶ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ያቃተው ሒሳቡ ሳይሆን እጁን አንሥቶ «አልገባኝም» ማለቱ ነው። ዛሬ ሳይጠይቅ ያለፈው ክፍልፋይ ነገ በመቶኛ፣ ከነገ ወዲያም በአልጀብራ ውስጥ ተመልሶ ይመጣበታል። ከዚያም «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙም እውነት እየመሰለው ሄዶ ትምህርቱን እስከ መተው ይደርሳል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነው።

የቤት ጨዋነትና የክፍል ጨዋነት

የአገራችን ልጅ ጨዋነት አልጎደለውም። ሲጠሩት «አቤት»፣ ሲልኩት «ወዴት» ማለትን፣ ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለትን፣ የሚሰጡትን በሁለት እጁ መቀበልን የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ያውቃል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ማለት ነውር እንደ ሆነም ሰምቶ አድጓል። በቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው በታላላቆች ፊት ዐይኑን ሰበር አድርጎ ዝም የሚለው ነው። በክፍል ግን ያው ዝምታ ይጎዳዋል፤ መምህሩ ሳይጠራው እጁን እንዲያነሣ፣ ያልገባውንም በግልጥ እንዲናገር ይፈለግበታልና። እንግዲህ ልጁ በሁለት ሕግ መካከል ይቆማል። የሚያስፈልገውም ጨዋነቱን ሳይጥል መናገር የሚችልበት መንገድ ነው።

ይህን ለማስተማር አዲስ ጥበብ ከሩቅ ማምጣት የለብንም። እንግዳ እጅ ማስታጠብን እንዴት እንደ ተማራችሁ አስታውሱ። ስለ እጅ ማስታጠብ ንግግር ያደረገላችሁ ሰው የለም። መጀመሪያ ታላቅ እኅታችሁ ስታስታጥብ አያችሁ፤ ቀጥሎ ማስታጠቢያው ተሰጣችሁ፤ ውሃው እጅጌ ላይ ሲፈስ «ቀስ አድርግ፣ ከታላቅ ጀምር» ተባላችሁ፤ በደንብ ስትሠሩም «እደግ!» ተብላችሁ ተመረቃችሁ። ማየት፣ መሞከር፣ መታረምና መመስገን፤ የትምህርት ዐዋቂዎችም ልጆችን የማኅበራዊ ኑሮ ዘዴ ሲያስተምሩ የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ልጅ የሚያየውን እንደሚከተል በምርምርም ተረጋግጧል። አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የነበሩ 72 ልጆችን ፈትነው ነበር። አንድ ዐዋቂ ሰው በአየር የተነፋ ትልቅ አሻንጉሊት ሲደበድብ የተመለከቱት ልጆች፣ ካልተመለከቱት አብልጠው ሲደበድቡ ተገኙ። የሰውየውን ንግግር ሳይቀር የደገሙ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ እየተሳደበ «አትሳደብ» የሚል መምህር ወይም ታላቅ ወንድም የሚያስተምረው ስድቡን መሆኑን ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ መደንገጉም ተገቢ ነው። ከአለንጋ የሚገኝ ትምህርት ቢኖር ጉልበት ያለው ይመታል የሚለው ብቻ ነውና።

በቤት የሚደረግ ልምምድ

ማታ የቤት ሥራው ሲያልቅ እናንተ መምህር ሁኑ፤ ልጁ ተማሪ ይሁን። እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ቢደግሙልኝ» ይበል። ይህ አነጋገር አክብሮትም አለው፤ ለመምህሩም የቱ ጋ እንደ ጠፋው ያመለክተዋል። ቀጥሎ ተለዋወጡ፤ እሱ መምህር ይሁን። ይስቃል፤ ይሣቅ። እየሳቀ የተለማመደውን ቃል በክፍል ሲፈልገው አያጣውም።

ሁለተኛው የጨዋታ ሜዳ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ጓደኞች ኳስ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ወይ ዘሎ ገብቶ ያበላሻል፣ ወይ ጥግ ይዞ ያኮርፋል። ቆም ብሎ ጨዋታውን እንዲመለከት፣ ፋታ ሲገኝም «ቀጥሎ እኔ ልግባ?» እንዲል አስተምሩት። እንቢ ቢሉት ሌሎቹን መጠየቅ እንጂ መደባደብ እንደማያስፈልግ ንገሩት።

ሦስተኛው የጠፋ እርሳስ ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ሲቀመጡ እርሳስ መጥፋቱ አይቀርም። «ሰረቅኸኝ» ያለ ልጅ እርሳሱን ዴስኩ ሥር ቢያገኘው እንኳ ጓደኛውን አጥቷል። «እርሳሴን አይተኸዋል?» ያለ ግን ምንም አያጣም።

አራተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም እንቢ ማለት። በፈተና ጊዜ «አሳየኝ» የሚል ወዳጅ ሲመጣ ይሉኝታ ብዙውን ልጅ ያሸንፈዋል። «አሁን አላሳይህም፤ ለሚቀጥለው ፈተና ግን አብረን እናጥና» የሚለውን መልስ ቀድሞ ካልተለማመደው በዚያች ሰዓት ከየት ያመጣዋል?

በመጨረሻም፣ በአነጋገሩ ወይም በድህነቱ ቅጽል ስም የሚያወጡለት ልጅ አለ። «ስሜ ይህ አይደለም» ብሎ ረጋ ባለ ድምፅ ተናግሮ ዘወር ማለትን ይማር፤ ነገሩ ከቀጠለም ለመምህሩ ይንገር። ሌላውን ለማስቀጣት ብቻ የሚነገር ነገር ማመላለስ ነው፤ የሚጎዳን ሰው ለማስጣል የሚነገር ግን ምስክርነት ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ልጅ ጓደኛው ሲበደልም ዝም ብሎ አያይም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ታናሽ ወንድሙን ወይም የዘመድ ልጅ ከገጠር አምጥቶ የሚያስተምር ብዙ ነው። የወር ደመወዛችሁ ደብተሩን ገዝቶለታል፤ ከማታው ጊዜያችሁ ዐሥር ደቂቃ ጨምሩለት። በየመሥሪያ ቤታችን ያልገባውን ትእዛዝ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ተቀብሎ፣ ኮሪደር ላይ «ምን ነበር ያሉት?» እያለ የሚጠይቅ ጸሓፊ አልጠፋም። እሱም አንድ ቀን ከዴስክ ኋላ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ልጅ ነበር።