የልጆቻችን ዲጂታል ዜግነት፦ ትምህርት ቤት የጀመረውን ማን ይጨርሰው?

በዛሬው ማብራሪያችን ከአገር ቤት ፖለቲካ ለአፍታ ወጣ ብለን በየቤታችን ስላለ ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ላፕቶፕ፣ ከእጃቸው የማይለየው ስልክ፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቶች ‹‹ዲጂታል ዜግነት›› ብለው የሚያስተምሩት ትምህርት ነው። በተለይ በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ይህ ትምህርት ምን እንደሆነ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ከእናንተስ ምን እንደሚጠበቅ ልታውቁ ይገባል። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች ያላችሁም የምትወስዱት ቁም ነገር አይጠፋም።

ስሙን ሲሰሙት ከፓስፖርትና ከመታወቂያ ጋር የተያያዘ ይመስላል። አይደለም። አንድ ዜጋ በአገሩ መብትም ግዴታም እንዳለው ሁሉ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚውል ልጅም መብትና ግዴታ አለው ማለት ነው። የግል ምስጢሩ ሊጠበቅለት ይገባል፤ እሱም የሌላውን ምስጢር መጠበቅ አለበት። ሐሳቡን መግለጽ ይችላል፤ በክፍል ጓደኛው ላይ ስድብና ዛቻ መጻፍ ግን አይችልም። ያየውን ከማመኑ በፊት ማጣራት፣ የሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ አለማቅረብ፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አለመስጠት፣ ማታ ስልኩን አስቀምጦ መተኛት ሳይቀር በዚህ ትምህርት ውስጥ ይካተታል።

ይህ በአስተማሪው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 ልጆችን ከኢንተርኔት ጉዳት ለመጠበቅ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ‹‹ኢ-ሬት›› በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት የኢንተርኔት ዋጋ ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ጎጂ የሆኑ ምስሎችን የሚያግድ ማጣሪያ የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ቅናሹ እንደ ተማሪዎቹ ቤተሰብ የገቢ ሁኔታ ከ20 እስከ 90 በመቶ ስለሚደርስ አብዛኛው የሕዝብ ትምህርት ቤት አይተወውም።

ነገር ግን ማጣሪያ አጥር ነው። ልጁ ከግቢው ሲወጣ አጥሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህም በ2008 ሌላ ሕግ ተጨመረ። ትምህርት ቤቶቹ ማገድ ብቻ ሳይሆን ማስተማርም እንዳለባቸው ተደነገገ። ተማሪዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከሰው ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው፣ በኢንተርኔት የሚፈጸም ማዋከብ፣ ማለትም ልጆቻችን ‹‹ቡሊይንግ›› የሚሉት ነገር ሲያጋጥማቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው መማር አለባቸው። ይህ ግዴታ ከጁላይ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የበለጠ ሄደዋል። ኒው ጀርሲ በጃንዋሪ 2023 ከመዋዕለ ሕጻናት እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ መረጃን መመዘንና ማጣራት እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀች። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተመሳሳይ ሕግ አወጣች።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ልጆቹ ከእኛ በተሻለ ስልክ ይጠቀሙ የለም ወይ? ይህን ጥያቄ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት መልሰውታል። በ12 ክፍለ ግዛቶች ከተማሪዎች 7,804 መልሶችን ሰብስበው ነበር። ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት፣ ‹‹ክፍያ የተፈጸመበት›› የሚል ጽሑፍ በግልጽ የሰፈረበትን ማስታወቂያ እውነተኛ ዜና ነው ብለው አመኑ። ስልክ በፍጥነት መነካካትና ስልኩ ላይ የሚታየውን መመዘን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው ማለት ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አዩ። የታሪክ ምሁራንን፣ የስታንፎርድ ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የማያውቁትን ድረ ገጽ እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ቆይተው አርማውን፣ አቀራረቡን፣ አጻጻፉን አዩ፤ ብዙዎቹም ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ሌላ መስኮት ከፈቱና ‹‹ይህን የሚያወጣው ማን ነው? ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ?›› ብለው ፈለጉ። በፍጥነትም በትክክልም የመለሱት እነሱ ነበሩ። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ክፍሎች የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው፦ ከፊትህ ያለውን ገጽ ከመመርመርህ በፊት ከገጹ ውጣና ባለቤቱን እወቅ።

እንግዲህ ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ልጁ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይህን ይማራል። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ ቤተሰቡ በዋትስአፕና በቴሌግራም የደረሰውን ቪዲዮ ማን እንዳነሣው፣ መቼና የት እንደተነሣ ሳይጠይቅ ለ10 ሰው ሲያስተላልፍ ያያል። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ጦርነት የተነሣ ፎቶግራፍ ‹‹ዛሬ በአገራችን የተፈጸመ›› ተብሎ ስንት ጊዜ ደርሶናል? ‹‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ›› ይባላል፤ ሼር የተደረገም እንዲሁ ነው። ማስተባበያው ቢመጣ እንኳ የመጀመሪያውን ያየው ሁሉ አያየውም። እንዲህ ያለው ምስል በአንድ ብሔር ወይም ሃይማኖት ላይ ቁጣ ሲቀሰቅስ ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ በሰላም የተቀመጠው ላኪ ሳይሆን እዚያ ያለው ጎረቤት ነው። ልጁ የዜግነትን ትምህርት የሚወስደው ከአስተማሪው ቃል ብቻ ሳይሆን ከወላጁ አውራ ጣትም ጭምር ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በ‹‹ጉግል ሌንስ›› ወይም በ‹‹ቲንአይ›› ፎቶግራፉን አስገብታችሁ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ መፈለግ ይቻላል። ይህን ደግሞ ልጃችሁ ሊያሳያችሁ ይችላል። ‹‹ና እስቲ፣ ይህ እውነት መሆኑን እንዴት እንደምታጣሩ አሳየኝ›› በሉት። ልጁ የተማረውን ቤት ውስጥ ቁም ነገር ላይ ሲያውለው ትምህርቱ ይጸናል፤ ወላጁም ክብሩ አይቀንስም።

ሁለተኛው ጉዳይ የዕድሜ ነው። የአሜሪካ የ1998 ሕግ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረት ወሰኑ እንደ አገሩ ከ13 እስከ 16 ነው፤ ለምሳሌ በስዊድን 13፣ በጀርመን 16። አውስትራሊያ ደግሞ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋና ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ሆኖም ልጁ ሲያስቸግረን የትውልድ ዓመቱን ጨምረን አካውንት የምንከፍትለት ብዙዎች ነን። ይህ ትንሽ ውሸት ትልቅ መዘዝ አለው። ኢንስታግራም ከ2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አካውንቶች ከማያውቁት ሰው የተጠበቁ አድርጓል። ዕድሜውን ጨምሮ የተመዘገበ ልጅ ግን እንደ አዋቂ ስለሚቆጠር ይህ ጥበቃ ያመልጠዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነውር የምንለው ነገር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ፣ በተደጋጋሚ ያስጠነቀቀበት ወንጀል አለ። ወንጀለኛው እንደ እኩያ ሴት ልጅ ሆኖ ወጣቱን ይቀርበዋል፤ እርቃኑን የሚያሳይ ምስል እንዲልክለት ያግባባዋል፤ ከዚያም ‹‹ገንዘብ ካልላክህ ለቤተሰቦችህና ለጓደኞችህ እበትነዋለሁ›› ይለዋል። በብዛት የሚጠቁት ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ወንዶች ናቸው። በዚህ ምክንያት ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች አሉ።

ወንጀለኛው የሚተማመነው በቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም፤ ልጁ ለወላጁ አፍ አውጥቶ መናገር ስለማይችልም ነው። ‹‹ቤተሰብ አዋረድክ›› መባልን የሚፈራ ልጅ ብቻውን ይጨነቃል። ስለዚህ ነገሩ ከመድረሱ በፊት፣ ዛሬ፣ ልጃችሁን ‹‹ምንም ብታደርግ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም›› በሉት። ከደረሰም ገንዘብ አትላኩ፤ ከፍሎ የሚገላገል ጥቂት ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ማስረጃ ናቸው። ለፖሊስና ለኤፍ.ቢ.አይ አመልክቱ። የጠፉና ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ብሔራዊ ማዕከል በ1-800-843-5678 ይረዳል። ይኸው ማዕከል በ2023 ‹‹ቴክ ኢት ዳውን›› የተባለ ነጻ አገልግሎት ጀምሯል። ልጁ ስሙን ሳይገልጽ፣ ምስሉም ከስልኩ ሳይወጣ፣ በአገልግሎቱ የተሳተፉ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ምስሉን ለይተው እንዲያነሡት ያስችላል።

‹‹ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዳልነጋገር እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል›› የምትሉ ትኖራላችሁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያዘጋጁትን መረጃ በአማርኛም ያወጣሉ፤ በዋሽንግተን ዲሲም አማርኛ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አይደለም። በተለይ ስለ ልጁ ጥፋት የተጻፈ ደብዳቤን ልጁ ራሱ እንዲተረጉምላችሁ አታድርጉ።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ልጄ በዚህ ዓመት ስለ ዲጂታል ዜግነት ምን ምን ይማራል? በዓመቱ መጀመሪያ የፈረምኩት የኮምፒውተር አጠቃቀም ውል ምን ይላል፤ ትምህርት ቤቱስ ልጄ ላፕቶፑ ላይ የሚያደርገውን ቤት ውስጥም ይከታተላል ወይ? ልጄ ቢዋከብ ወይም ቢያዋክብ የምደውለው ለማን ነው? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ።

በቤታችሁም ለሁላችሁ የሚሠራ ደንብ አውጡ። ማታ ስልክ ሁሉ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ ሳሎን ይደር። ፎቶው ከመለጠፉ በፊት ልጁ ይጠየቅ፤ የትምህርት ቤቱ ስምና የትውልድ ቀኑ የሚታይበት የምስክር ወረቀት አይለጠፍ። ያልተጣራ ነገር ለማንም አይላክ። ትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያስተምር ነው። የቀረው ሰዓት በእኛ እጅ ነው።

ቸር እንሰንብት።