የሕጻኑ ዓይን ለምን ያነባል? ሁሉም ማዝ አይደለም

ቁይ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የደባይ ጥላትግን ቀበሌዎች ዓይን ሲያነባ ቀድሞ የሚጠረጠረው ማዝ (ትራኮማ) ነው። አይገርምም። በሽታው በዓለም ላይ ክፉኛ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ክልላችን ነው፤ መድኃኒቱ በዘመቻ ሲታደል ያላየ የለም። ግን የሁለት ወር ሕጻን፣ ዓይኑ ሳይቀላ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ከዋለ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ምን መሰላችሁ፣ እንባም መውረጃ አለው። በዓይናችን የውስጥ ጥግ፣ የላይኛውና የታችኛው ቆብ ጠርዝ ላይ መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ አለች። እንባ በእሷ ገብቶ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀምና በቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሕጻናት ሲወለዱ የቱቦው ጫፍ በስስ ሽፋን እንደተዘጋ ይቀራል። እንባው መሄጃ ያጣል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሽፋሽፍቱ በአይናር ይጣበቃል።

ደስ የሚለው፣ ከ10 ሕጻናት በ9ኙ ገደማ ዓመት ሳይሞላቸው በራሱ ይከፈታል። እስከዚያ ማሸት ይረዳል። ጥፍር ቆርጦ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ጣትን በዓይኑ የውስጥ ጥግና በአፍንጫው መካከል አሳርፎ ለስለስ ባለ ግፊት ወደ ታች መሳብ። ከ5 እስከ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። መጀመሪያ ባለሙያ ቢያሳያችሁ ይሻላል። አይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉለት።

«የጡት ወተት ጠብ አድርጊበት» የሚሉ አሉ፤ ቱቦ አይከፍትም። የቅጠል ጭማቂማ ጭራሽ! ዓይን ያቆስላል። የቴትራሳይክሊን ቅባትም ቢሆን ጀርሙን እንጂ የተዘጋውን ቱቦ አያክምም።

ዓመት ካለፈው የዓይን ሐኪም ቀጭን ዘንግ በቱቦው አሳልፎ ይከፍተዋል። ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው።

አዋቂ ላይ ግን ታሪኩ ይለያል። የተዘጋ ቱቦ በራሱ ይከፈታል ተብሎ አይጠበቅም፤ ከረጢቱን በአዲስ መንገድ ከአፍንጫ ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አለ። ጣሊያናዊው ሐኪም ቶቲ በ1904 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። እኛ አካባቢ ግን የእናቶቻችን ዓይን ሲያነባ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዓይን ፀጉር ነው። በማዝ ምክንያት ወደ ውስጥ ከተቀለበሰ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውራል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠኑ ነርሶችም ይሠሩታል።

የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። በተወለደ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ ካበጠና መግል ካወጣ፣ በዓይንና በአፍንጫ መካከል ቀልቶ ካበጠ፣ ብርሃን ከፈራ፣ ወይም ዓይኑ ከወትሮው ተልቆ ጭጋግ ከለበሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሪፈር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሊሆን ይችላል። ቅባት ብቻ ሰጥተው ከሸኟችሁ ግን «ፀጉሩ ነው ወይስ ቱቦው?» ብላችሁ ጠይቁ።