የአበባው ምክር ከየት አገር መጣ?

ከውጭ የመጣ የአበባ ዘር ገዝታችሁ ፓኬቱን ብታገላብጡት፣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ የምታገኙት መመሪያ «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ዝሩ» የሚል ነው። እንግሊዝ ወይም ሆላንድ ለሚኖር ሰው ይህ በቂ መልስ ነው፤ ብርዱ ያልፋል፣ አፈሩ ይሞቃል፣ ዝናቡም አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ደምቃ በምትውልባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። መመሪያውን እንዳለ የተከተለ ሰው ውርጩ አለፈ ብሎ በየካቲት ይዘራል። የካቲት ደግሞ አፈሩ ክው ብሎ የደረቀበት፣ በልጉ ይጥላል አይጥልም እየተባለ ሰማይ የሚታይበት ወር ነው።

ምክሩ ግን ውሸት አይደለም። ፓኬቱ ላይ የጻፈው ሰው ሦስት ነገር አስቦ ነው፦ ዘሩ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ እንዳይበሰብስ፣ እርጥበት እንዲያገኝ፣ እስኪያብብም የሚያድግበት ጥቂት ወር ከፊቱ እንዲኖረው። እነዚህ ሦስቱ በእኛ አገር አንድ ላይ የሚገናኙት መቼ ነው? ነሐሴ ላይ ዝናብ በማይመታው ጥላ ስር ዘርታችሁ፣ መስከረም ላይ ችግኙን ወደ መደብ ብታዛውሩት፣ መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ጠግቧል፣ ፀሐይዋ ተመልሳለች፣ የኅዳር ብርድም ገና ነው። የአበባ ምክርን ከአገር አገር የማሻገሩ ሥራ ይኸው ነው። የተጻፈውን ወር ትተን፣ ወሩ የተመረጠበትን ምክንያት ይዘን መሄድ አለብን።

እስቲ ስለ ውርጩ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «አዲስ አበባ ውርጭ የለም» ብሎ አንድ ሌሊት አበባው ጠቁሮ ያድርበታል። ደመና በሌለበት፣ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ ዳገቱ ላይ ያለው ግቢ ሲተርፍ፣ ታች ወንዙ ዳር ያለው ሊመታ ይችላል። የቁልቁለት ግቢ የታችኛው አጥርም ጥርቅም ያለ ግንብ ከሆነ ብርዱን አግቶ ያስቀረዋል። ከፍታውም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ይቀንሳል። ከአቃቂ አካባቢ 2,100 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ የአየር ንብረት ለውጣችኋል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ለስላሳ አበቦችን በአሮጌ አንሶላ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑ፤ ጠዋት ግለጡ። ቀን ላይ አፈሩን ውኃ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቅቃልና።

አሁን ወደ ብርሃን እንሂድ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት «ፀሐይ ለሚወድ አበባ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ምረጡ» ይላሉ። ለንደን ውስጥ ታኅሣሥ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማሱ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል፣ የሰሜን ግድግዳ ጭራሽ ፀሐይ አያይም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ በስተሰሜን ናት። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀጥታ አናታችን ላይ ታልፋለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ የምትቆመው በስተሰሜናችን ነው! ስለዚህ የደቡቡ ግድግዳችሁ በበጋ ይሞቃል፣ የሰሜኑ ደግሞ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደመናው ሲገለጥ ተራውን ያገኛል። ለእኛ ከሰሜንና ከደቡብ ይልቅ ትልቁ ጥያቄ ምሥራቅ ወይስ ምዕራብ የሚለው ነው። የጠዋት ፀሐይ ጤዛን ቶሎ ያደርቃል፣ ቅጠልንም አያቃጥልም፤ የከሰዓት በኋላው ግን ግንቡን አግሎ ችግኙን ያጠወልጋል። የደጋ ፀሐይ ጠንካራ መሆኗን አትርሱ። «ሙሉ ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈለት ችግኝ እንኳ ከተተከለ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት የቀትር ጥላ ቢያገኝ ይወዳል።

የቀኑ ርዝመት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ለንደን በሰኔ ከ16 ሰዓት በላይ ቀን ሲኖራት በታኅሣሥ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለብዙ አበቦች ይህ ምንም አይደለም፤ አንዳንዶቹ ግን ሌሊቱን ቆጥረው ነው የሚያብቡት። በታኅሣሥ ቅጠሏ ደም የሚመስለውን ፖይንሴቲያ ውሰዱ። የአውሮፓና የአሜሪካ መመሪያ በየምሽቱ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገቧት ይላል፤ እዚያ ቤት ውስጥ መብራት ስለሚበራ ረጅም ሌሊት አታገኝም። እኛ ጋ ደጅ የተተከለችው ያለ ማንም ርዳታ ትቀላለች። የእናንተ አረንጓዴ ሆና ከቀረች ምናልባት የመንገድ መብራት ወይም የበር አምፖል ሌሊቱን ሙሉ እያበራባት ይሆናል። በተቃራኒው ረጅም ቀን የሚፈልጉ አበቦች አሉ። ጂፕሶፊላ የምትባለውን፣ በሠርግ እቅፍ ውስጥ እንደ ጉም የምትበተነውን ነጭ አበባ፣ የምሥራቅ አፍሪካ እርሻዎች ለገበያ ሲያመርቱ ሌሊት መብራት የሚያበሩላት ለዚህ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ቅጠል ብቻ አብዝቶ አላብብ ያለ የውጭ አበባ ካለ፣ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ስለ አፈር ብዙ የሚባል አለ። የከተማዋ አፈር በጥቅሉ ሁለት ፊት አለው፦ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው፣ በክረምት ያብጥና ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር ዋልካ፣ እና ወደ ላይኛው ሰፈሮች የሚበዛው ቀይ አፈር። የፈረንጅ መጻሕፍት «ከባድ አፈር» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ዋልካን አያውቁትም። እዚህ ላይ የምንሰማው የተለመደ ምክር አሸዋ ቀላቅሉበት የሚል ነው። እባካችሁ አትቀላቅሉ! ጥቂት አሸዋ በዋልካ ውስጥ ቀዳዳ አይከፍትም፤ ደቃቁ አፈር በአሸዋው መካከል ገብቶ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። የሚጠቅመው የበሰበሰ ፍግ፣ የቅጠል ብስባሽ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ኮምፖስት ነው፤ አፈሩን ፍርክስክስ ያደርገዋል።

ለውኃው ግን ከማንም መጽሐፍ የበለጠ መምህር ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አለ። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካ ማሳቸውን በእጃቸው አፈር እየሰበሰቡ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ይሠሩለታል፤ ክረምቱ ሲያይል ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ ሥሩ ሳይታፈን ያድጋል። ተመራማሪዎች በኋላ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርተው ያስፋፉት የመደብ ልክ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ቦዩ ደግሞ 40 ገደማ ነው። ይህ ልክ ለአበባም ግሩም ነው፤ ከሁለቱም በኩል አፈሩን ሳትረግጡ መኮትኮት ትችላላችሁ። ግቢያችሁ መደብ ይፈልግ እንደሆነ ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና በውኃ ሙሉት፤ ከሰረገ በኋላ ደግማችሁ ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ አድሮም ካልወረደ፣ ክረምት ላይ እዚያ የምትተክሉት ሁሉ ሥሩ ውኃ ውስጥ ይከርማል።

አመድስ? አመድ አፈርን ከአሲድነት ያርቃል። ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ስለሆነ በመጠኑ ይቀበለዋል፤ ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። የአፈራችሁን ባሕርይ በዓይን ለማየት ሃይድሬንጃ ትከሉ። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ስለምታገኝ ሰማያዊ ታብባለች፣ ካልሆነ ሮዝ ትሆናለች። የቡና አተላን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፦ ሦስት ጊዜ የተፈላ ቡና አተላ አሲዱ አብዛኛው አልቋል። ኮምፖስት ውስጥ ይግባ እንጂ በቀጥታ ችግኝ ላይ አይከመር፤ የዘር ቡቃያን ሊገታ ይችላል።

ምን ልትከል የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የአበባውን የትውልድ አገር ጠይቁ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ገደማ። እዚያም ዝናቡ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከዚያ ደረቅ፣ ፀሐያማና ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ ወቅት ይከተላል። ዳሊያ፣ ኮስሞስ፣ ዚኒያ፣ ፖይንሴቲያ፣ ብርቱካናማዋ ማሪጎልድ ሁሉም የሜክሲኮ ልጆች ናቸው። ዳሊያ እንዲያውም የዚያ አገር ተራራማ ቦታዎች የዱር አበባ ነበረች፤ እዚህ ስትተከል አገሯ የገባች ያህል ነው። ሚኒሶታ ያለ ዘመዳችሁ ዳሊያ ቢኖረው በመከር መጨረሻ ድንች መሰል ሥሯን ቆፍሮ አውጥቶ ቤት ውስጥ ያከርማታል፤ መሬቱ ወደ በረዶ ይለወጣልና። እናንተ መደቡ ውኃ እስካልቋጠረ ድረስ ባለችበት ተዉአት። አንድ አበባ ናት፣ የሚገድላት ግን በየአገሩ ይለያያል።

ላቬንደር በተቃራኒው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተክል ናት። እዚያ ዝናቡ በብርድ ወራት ይመጣል፣ ሙቀቱ ደረቅ ነው። እኛ ጋ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ለእሷ ጎርፍ ነው። ከወደዳችኋት ጠጠር በበዛበት ከፍ ያለ ቦታ ወይም በክረምት ጣራ ስር በምትገባ ማስቀመጫ ትከሏት። ቱሊፕ ደግሞ ከ12 ሳምንት ያላነሰ ብርድ ካላየች አታብብም። የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል እንጂ ቀኑ ሞቆ ብርዱን ያፈርሰዋል። ኮረቷን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ከሙዝና ከፖም ግን አርቁት፣ ፍሬዎቹ የሚያወጡት ጋዝ ውስጧ ያለውን እምቡጥ ይገድላል። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ የምታብበው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ገንዘቤን ለዳሊያ አውላለሁ።

ጽጌረዳን የከፍታው ነገር ምን እንደሚያደርጋት ለማየት የአበባ እርሻዎቻችንን ማየት ይበቃል። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ ያለ ጽጌረዳ ቶሎ ቶሎ ያብባል፣ አበባው ግን አነስ ይላል። ሆለታ 2,400 ሜትር አካባቢ ያለው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ሲፈካም ራሱ ትልቅ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ጽጌረዳ ዘገየች ብላችሁ ማዳበሪያ አታብዙባት። «በእንቅልፏ ጊዜ ግረዟት» የሚለው ምክርም እኛ ጋ ቦታ የለውም፤ ጽጌረዳ እዚህ አትተኛም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የታመመውንና የተጠላለፈውን ግረዙ፤ በበጋው ታመሰግናችኋለች። በሽታዋም እንደ ወቅቱ ነው። በክረምት ቅጠል ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ውኃ ቅጠሉ ላይ ሲቆይ ይመጣል፤ መድኃኒቱ አራርቆ መትከልና የወደቀውን ቅጠል መልቀም ነው። በበጋ የሚመጣው ነጭ ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ግን እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፣ የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው ለአንዱ የተጻፈውን መድኃኒት ለሌላው ይረጫል።

የበጋውን ውኃ በተመለከተ ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ ማርከፍከፍ አይሆንም፣ አይጠቅምምም። በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ሥሩ ድረስ እስኪወርድ አጠጡ፤ አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ገለባ ሸፍኑት።

የራሳችን አበቦች ግን ይህን ሁሉ ትርጉም አይሹም። ደጋ ላይ የሚያብበው ቢጫው አምጃ፣ ነጯ ቀጋ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የኒፎፊያ ዝርያ ለዚህ አፈርና ለዚህ ዝናብ የተሠሩ ናቸው። ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ሄዳችሁ አገር በቀሎቹን በቁመናቸው ተመልከቱ፤ ዓለም ከሚያደንቀው ግላዲዮለስ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር የሚበቅል መሆኑንም እወቁ። አደይ አበባንም ግቢያችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ የአበባው ራስ ጠቁሮ ሲደርቅ ዘሩን ለቅማችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አፈሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት፣ በስሱ ብቻ አልብሱት። ሐምሌ ላይ አረም መስሏችሁ እንዳትነቅሉት ደግሞ ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጉ።