ስስ የድንጋይ ልባስ በወረታ ቤቶች ግድግዳ ላይ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በደለል የሞሉት አገር ነው። ጥቁር ዐፈሩ ለሩዝ እጅግ ተስማሚ ቢሆንም ለቤት መሠረት ግን አስቸጋሪ ነው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመውም ግድግዳ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ በወረታ የቤቱን ፊት ድንጋይ ለማልበስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ክብደቱን ሊመረምር ይገባዋል። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ድንጋይ በ1 ካሬ ሜትር 80 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ግድግዳው በተነቃነቀ ጊዜ ይህ ሸክም ከሲሚንቶው ተላቆ በመንገደኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ተጣጣፊው የድንጋይ ልባስ ግን ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱም የዚያን አንድ ዐሥረኛ አይሞላም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በንብርብር በተፈጠረ ድንጋይ ፊት ላይ ሙጫና የመስተዋት ቃጫ ይለጠፋል፤ ሙጫው ሲደርቅ ስስ የድንጋይ ሽፋን ይዞ ይላጣል። የፎገራ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ እንጂ ንብርብር ስላልሆነ እንዲህ አይላጥም።

ይሁን እንጂ ቀላል መሆኑ ብቻ አይበቃም። ልባሱ የሚጣበቀው በደረቅና በጠነከረ ፊት ላይ ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ በጭድ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል፤ ፊቱን ብንዘጋበት ርጥበቱ ውስጥ ቀርቶ እንጨቱን ያበሰብሳል።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፤ በወረታ ገንዘቡ አስቀድሞ ለመሠረት፣ ለውሃ መውረጃ ቦይና ለሰፊ የጣራ ክፈፍ ይዋል። ልባስ ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።