የኦቲዝም መልስ ለምን ዘገየ?

የኦቲዝም «ምክንያቱ ተገኘ» የሚል ዜና ሳይሰማ ዓመት አያልፍም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ከዋይት ሐውስ የተነገረው ነፍሰ ጡሮች ለሕመም ማስታገሻ የሚወስዱትን ፓራሲታሞል የሚወነጅል ነበር። በቀደመው ዓመት ግን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የስዊድን ልጆችን መረጃ የመረመረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ በተወሰደበትና ባልተወሰደበት እርግዝና የተወለዱ የአንድ እናት ልጆችን ሲያነጻጽሩ በኦቲዝም ረገድ ልዩነት አላገኙም። ከፓራሲታሞል በፊት የተከሰሰው ክትባት ነበር፤ ከክትባት በፊት ደግሞ የእናት ፍቅር ማነስ። ተከሳሹ ይለዋወጣል፤ በመጨረሻ ራሷን የምትወቅሰው ግን እናት ናት።

እንዲህ ያለው ወሬ ቦታ የሚያገኘው ትክክለኛው መልስ ስለዘገየ ነው። ለመዘግየቱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፦ የገንዘብ እጥረት፣ የኦቲዝም መልክ መብዛት፣ የሳይንቲስቶች አለመስማማት። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋው ግን ሌላ ይመስለኛል፦ የሚመረመር አንጎል እጥረት።

አንጎል ለምን አስፈለገ? ደም መመርመር አይበቃም ወይ? እ.ኤ.አ. በ2020 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከ35 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ለየ። ብዙዎቹ የታወቁት ከእናትም ከአባትም ባልተወረሰ፣ በእንቁላሉ ወይም በወንዱ ዘር ውስጥ አዲስ በተፈጠረ ለውጥ አማካይነት ነው። እንዲህ ያለውን ለውጥ የትኛውም ወላጅ ተጠንቅቆ ሊከላከለው አይችልም። ከ102ቱ ደግሞ 58ቱ ሥራቸው ሌሎች ጂኖችን መቆጣጠር ነው።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የሆኑ 20 ሺህ ገደማ ጂኖችን ይይዛል። የጉበትን ሴል ከአንጎል ሴል የሚለየው የትኛው ጂን መቼ ይሠራል፣ መቼስ ያርፋል የሚለው ነው። በማኅሌት ላይ ደባትሩ ሁሉ ዜማውን ያውቁታል፤ ማን መቼ እንደሚያነሣ፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚገባ የሚጠብቅ ግን መሪ አለ። መሪው ጥቂት ቢዘገይ፣ አንድም ሰው ዜማውን ሳይስት ማኅሌቱ ይፋለሳል። ሲኤችዲ8 የሚባለው ጂን ከእነዚህ መሪዎች አንዱ ነው። ዲኤንኤ የተጠቀለለበትን ጥቅል እያላላና እያጠበቀ ሌሎች ጂኖች እንዲነበቡ ወይም እንዳይነበቡ ያደርጋል። ይህ ጂን የተጎዳበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኦቲዝም ይኖረዋል፤ ጭንቅላቱ ከእኩዮቹ ሊገዝፍ፣ የሆድ ድርቀትና የእንቅልፍ ችግርም ሊኖርበት ይችላል።

የደም ምርመራ ጂኑ መጎዳቱን ያሳያል። ጉዳቱ በየትኛው የአንጎል ክፍል፣ በየትኛው የሴል ዓይነት፣ በስንተኛው የእርግዝና ወር ምን እንዳዛባ ግን አያሳይም። ለዚያ አንጎሉ ራሱ መታየት አለበት፤ ከሕያው ልጅ አንጎል ደግሞ ለምርምር ብሎ ቆርሶ የሚወስድ የለም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በሐዘኑ መካከል አንጎሉን ለምርምር እንዲለግስ መጠየቅ።

ይህን የሚያደርግ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዳንኤል ጌሽዊንድ ቡድን በኔቸር ያሳተመው፣ ለዘርፉ በር ከፋች የሆነው ጥናት፣ ኦቲዝም የነበረባቸውን 19 ሰዎችና ያልነበረባቸውን 17 ሰዎች ብቻ ነበር የተመለከተው። በተከታዩ ዓመት በቦስተን አቅራቢያ በሚገኘው የማክሊን ሆስፒታል የአንጎል ባንክ አንድ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ኦቲዝም የነበረባቸው ሰዎች 54 አንጎሎች ተጎዱ። ይህ በዓለም ትልቁ ከሆነው ክምችት ሲሶው ያህል ነበር። የአንድ ማቀዝቀዣ ብልሽት ዓለም አቀፍ ምርምርን ወደኋላ ሊጎትት መቻሉ የእጥረቱን ልክ ይናገራል።

መዘዙ ብዙ ነው። የ2011ዱ ጥናት የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ጂኖች ሥራቸው መቀነሱን፣ ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙት ደግሞ መጨመሩን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ያው ቡድን የ112 ሰዎችን አንጎል በ11 ክፍሎች መርምሮ ለውጡ የአንጎልን ቅርፊት ሰፊ ክፍል እንደሚያካልል አሳየ። ይሁንና ለምርምር የተገኙት አንጎሎች ከተወለዱ በኋላ ዓመታት ከኖሩ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ብዙዎቹ ጂኖች ግን በርትተው የሚሠሩት ገና በእርግዝና አጋማሽ ነው። ታዲያ የታየው ለውጥ ኦቲዝምን ያመጣው ነው ወይስ ከኦቲዝም ጋር በመኖር የመጣ? በተለይ የበሽታ መከላከያ ጂኖች መጨመር ውጤት እንጂ መነሻ አይመስልም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «የአንጎል ብግነት እናክማለን» የሚል ሁሉ ማስረጃውን ቀድሞታል።

ሳይንቲስቶች እጥረቱን ለማለፍ ሌላ ዘዴ አበጅተዋል። ከደም ወይም ከቆዳ የተወሰደን ሴል ወደ መነሻ ሴል መልሰው፣ በላብራቶሪ ኦርጋኖይድ የሚባል ትንሽ የአንጎል ህብረ ሕዋስ ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሃርቫርዷ ፓኦላ አርሎታ ቡድን በዚህ ዘዴ ሲኤችዲ8ን ጨምሮ ሦስት ጂኖችን መረመረ። ሦስቱም ሲጎዱ በየራሳቸው መንገድ የተወሰኑ የነርቭ ሴሎች የሚያድጉበትን ጊዜ አዛቡ። የመዛባቱ መጠን ግን ሴሉ እንደተገኘበት ሰው ተለያየ። ያው ጂን፣ ያው ጉዳት፣ ነገር ግን የተለያየ ውጤት፤ ምክንያቱም የተቀረው ዘረመል ይለያያል።

እኛን በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን በአብዛኛው የተመረመሩት አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዘረመል ልዩነት ከሁሉም የበለጸገችው አፍሪካ ግን በመዝገቡ ውስጥ እምብዛም የለችም። ስለዚህ የአፍሪካ ተወላጅ ቤተሰብ ልጁን አስመርምሮ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ውጤት ይዞ የመመለሱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ኒውሮዴቭ የተባለው ፕሮጀክት በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ይህን ክፍተት መሙላት ጀምሯል። በኢትዮጵያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፈበት የከባድ የአእምሮ ሕመም የዘረመል ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናሙና ሰጥተዋል። በአገራችን መንገዱ ተጀምሯል፤ ይህ ጥናት ግን ወደ ኦቲዝም አልደረሰም። የቀብር ሥርዓታችንን የሚነካ ልገሳ መጠየቅም ግድ አይደለም፤ ለኦርጋኖይድ ጥቂት ደም ይበቃል። የሚጎድለው ላብራቶሪ፣ ግልጽ ፈቃድና መተማመን ነው።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች «ለምክንያቱ ፍለጋ የሚፈሰው ገንዘብ ለእኛ ኑሮ ቢውል» ይላሉ። ልክ ናቸው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የጂን ጥናት እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ለዛሬው ልጅ የሚያስፈልገው የንግግር ሥልጠናና የሚቀበለው ትምህርት ቤት ነው። ምርምሩ ይህን አይተካም። ከእናት ትከሻ ላይ የሐሰት ክስ ማውረድ ግን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቀጣዩ «ምክንያቱ ተገኘ» ሲመጣ ከማጋራታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የስንት ሰው አንጎል ታየ? በስንት ዓመታቸው? ከየትስ ናቸው? መልስ ከሌለው ዜናውን እለፉት፤ እናቲቱንም አትውቀሱ።