ሳልሳ የማይችል ሁሉ ፋራ ነው እንዴ?

ሳልሳ በሚጨፈርበት ቤት ጥግ ይዘው የሚቀሩ ልጆች አሉ። በተለይ ከደጎሎ ወይም ከመካነ ሰላም መጥቶ እስክስታ ብቻ የሚያውቅ፣ «ፋራ እንዳልባል» እያለ ከወንበሩ አይነሳም። ፍቅረኛው ከሌላ ጋር ስትጨፍር ማየቱ ደግሞ ያንገበግባል!

ለመሆኑ ይሄ ሙዚቃ የማን ነው? በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙት አፍሪካውያን ከበሮ ከስፔን ጊታር ጋር ተዋህዶ «ሶን» ተወለደ። ማምቦና ቻቻቻ ተከተሉ፤ ዓለምን አዳረሱ። የኩባ ዜማ በሸክላ ተጭኖ ወደ አፍሪካ ተመለሰና የኮንጎን ሩምባ ወለደ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ሳልሳ ተባለ።

እኛም አለንበት! ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት አልበሞች ሲያወጣ፣ የላቲንን ምት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አጋባ። ከቅኝቶቻችን መካከል ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ አገር ስም መሆኑን አትርሱ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ምን ያሳፍርሃል? ሦስት እርምጃ፣ በአራተኛው ምት ቆም፤ እንደገና ሦስት፣ ቆም። ኩራትህን ዋጥ አድርገህ «አስተምሪኝ» በላት። አንተም እስክስታውን አስተምራት። አንዱ ሌላውን ባያስተምር ኖሮ ሳልሳ የሚባል ነገር መች ይኖር ነበር?