የልጅዎን ሥዕል ሲልኩ ምን ይቀድማል?

ድሮ የልጅ ሥዕል የሚለጠፈው ሳሎን ግድግዳ ላይ ነበር። የሚያየውም ቤተሰቡና ቡና የተጠራ ጎረቤት ነው። ዛሬ በስልክ ፎቶ ይነሳና ወደ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ላኪው አያውቅም።

ትምህርት ቤቶችና የሰፈር አስተባባሪዎች የልጆችን ሥዕል እንድንልክ ሲጠይቁን ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ መመሪያው ነው። ብዙውን ጊዜ የሥዕሉ ፎቶ ከልጁ ሙሉ ስም፣ ክፍልና ትምህርት ቤት ጋር ይላክ የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ፎቶው እንዴት ይነሳ? ማን ያየዋል? እስከ መቼ ይቆያል? መልስ የለም። አንዷ አያት ግራ ሲገባት "ይቅርብኝ" ብላ ትተወዋለች፤ የልጅ ልጇ ሥዕል ሳይታይ ይቀራል። ሌላው የተጠየቀውን ሁሉ ይልካል፤ ይህ ደግሞ ይብሳል።

በእኛ አገር ሙሉ ስም ማለት የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ሲጨመርበት፣ አንድ እንግዳ ሰው በር ላይ ቆሞ "አባትህ እገሌ ልኮኝ ነው" ለማለት ይበቃዋል። ልጁም ስሙን የሚያውቅ ሰው ዘመድ ይመስለዋል።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት መመሪያ ሲጎድል ምን እንደሚያስከትል የተማርኩት ከለምለም ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ለምለም አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ ይቀጥንና የሚገባውን ጥቅም አይሰጥም። እናትየውን "በሃይላንድ በጥብጪው" ማለት አይበቃም። የትኛው ሃይላንድ? ግማሽ ሊትሩ፣ አንድ ሊትሩ ወይስ ሁለት ሊትሩ? ስለዚህ ቤቷ ባለው ዕቃ እናስለካት ነበር። "ገባኝ" ስትል አናሰናብታትም፤ ራሷ ስትበጠብጥ እናያለን። ጥሩ መመሪያ ቅደም ተከተል አለው፣ ልክ አለው፣ ጥንቃቄውንም ከድርጊቱ በፊት ይናገራል።

የሥዕሉንም ጉዳይ በዚሁ መንገድ እንየው።

አንደኛ፣ ልጁን ይጠይቁት። ሥዕሉ የእሱ ነው። "አይሆንም" ካለ አይላክ።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ይመልከቱ። የአባት ስም፣ ትምህርት ቤት ወይም ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ከሆነ በነጭ ቁራጭ ወረቀት ይሸፍኑት።

ሦስተኛ፣ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያንሱት። የስልኩን መብራት ያጥፉ፤ ወረቀቱ ላይ ያንጸባርቃል። ስልኩን ሳያጋድሉ ከወረቀቱ በላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት። የራስዎ ጥላ አይረፍበት፤ አራቱም ማዕዘኖች ይታዩ።

አራተኛ፣ ከመላክዎ በፊት ፎቶውን አጉልተው ይዩት። ቀለሙ ደብዝዞ ከሆነ እንደገና ያንሱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረ መታወቂያ ወይም ደብዳቤ አብሮ ገብቶ እንደሆነም ያረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ከሥሩ የልጁን የራሱን ስም ወይም የቤት ስሙን ብቻ፣ ሥዕሉንም ልጁ ራሱ በሰጠው ርእስ ይጻፉ። "አያቴ ላም ስታልብ" ካለ እንደዚያው ይሁን፤ ላሟ ፍየል ብትመስልም አናርመው።

ስድስተኛ፣ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ይላኩት፤ በስልክ ለማየት ይበቃል። ለማተም ከተፈለገ በፋይል መልክ ሲላክ ጥራቱ አይቀንስም። ነገር ግን ካሜራው የቦታ መረጃ የሚመዘግብ ከሆነ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ከፋይሉ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ከማንሳትዎ በፊት የካሜራውን የቦታ መመዝገቢያ ያጥፉ፤ የት እንዳለ ካላወቁ ልጆቻችሁን አሳዩኝ በሏቸው።

አስተባባሪዎችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሥዕሎቹን እነማን እንደሚያዩ፣ መቼ እንደሚነሱ፣ ይውጣልኝ የሚል ወላጅ ለማን እንደሚናገር በመመሪያው መጀመሪያ ላይ ጻፉ። መጨረሻ ላይ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የሚነበበው ከተላከ በኋላ ነው። የተላከ ፎቶ ደግሞ ቢሰረዝም ቀድሞ ያስቀመጠው ሰው ዘንድ ይቀራል። መመሪያውን ከመበተናችሁ በፊት ልካ ለማታውቅ አንዲት አያት ስጧትና ስትሠራ ተመልከቱ። የቆመችበት ቦታ ላይ የጎደለው የእሷ ዕውቀት ሳይሆን የእናንተ ጽሑፍ ነው።

ዋናው ወረቀት ግን ከተላከ በኋላ አይጣል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀኑን ጽፋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ልጁ አድጎ ሲጠይቃችሁ የምታወጡት እሱን ነው።